ስለ ፒክቱ አገርና ላሞቿን ስለ ፈጀው ብጫ አበባ

በካናዳ አገር በባሕር ዳር ካሉት ክፍሎች አንዱ ኖቫ ስኮሺያ ይባላል፤ ትርጓሜውም አዲሲቱ ስኮትላንድ ማለት ነው። ከዋናው ከተማ ከሃሊፋክስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ በኦቶሞቢል ሁለት ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ፒክቱ ወደምትባለው ትንሽ ወደብ ይደርሳል። በፊቷ ኖርዘምበርላንድ የሚባለው ጠባብ ባሕር፣ ከባሕሩም ማዶ የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት አለ። የምሥራቅ ወንዝ፣ የመካከል ወንዝና የምዕራብ ወንዝ የሚባሉት ሦስት ወንዞች ከየሸለቋቸው ወርደው በዚሁ ወደብ ከባሕር ጋራ ይገናኛሉ። እኔ በሥራ ምክንያት ወደዚያ የሄድሁት በእኛ ክረምት፣ በእነርሱ ግን በጋ በሆነበት በነሐሴ ወር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የፒክቱ ሰዎች የአገራቸውን ታሪክ የሚጀምሩት ከአንዲት መርከብ ነው። ስሟ ሄክተር ይባላል። በ1773 በበጋው ወራት ከስኮትላንድ ተራራማ አገር ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሰዎች በእርሷ ተሳፍረው ተነሡ፤ በመንገድም ፈንጣጣና ተቅማጥ ገብቶባቸው ብዙ ሕፃናት ሞተው በባሕር ተጣሉ፤ የቀሩትም በመስከረም 15 ቀን ፒክቱ ደረሱ። ብርዱ በደጅ ሳለ፣ ጎተራ ሳይኖራቸው፣ እስከ ባሕሩ ዳር የወረደውን ጥቅጥቅ ያለ ደን ባዩ ጊዜ ምን እንደ ተሰማቸው ማንም ሊገምተው ይችላል። የሄክተርን አምሳል ሠርተው በወደቡ ላይ ስላቆሙት፣ ወደ ከተማይቱ የሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ ወደዚያ ይወሰዳል። እኔም አየሁት። እንደዚያ ባለ ጠባብ ዕቃ ያን ያህል ነፍስ ውቅያኖስን መሻገሩ ያስደንቃል።

እነዚያ ሰዎችና ከእነርሱም በኋላ የመጡት ወገኖቻቸው ደኑን መንጥረው እርሻና መስክ አወጡ። አገሩ ክረምቱ ረጅም ነው፤ በረዶው መሬቱን ለብዙ ወራት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከብት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ በጋጣ ታስሮ የሚኖረው በበጋ ታጭዶ በተከማቸ ድርቆሽ ነው። በዚያ አገር ድርቆሽ ማለት የላሟ ሕይወት ነው፤ ላሟም ማለት የቤተ ሰቡ ወተትና ቅቤ፣ የግብሩም መክፈያ ነበረች። ነገሬ የሚያርፈው በድርቆሹ ላይ ነውና አንባቢ ይህን እንዲያስብልኝ እለምናለሁ።

ከከተማው ወጥተን በባላገሩ መንገድ ስንሄድ በአጥሩ ሥር፣ በመስኩ ዳር፣ አንዳንድ ጊዜም በመስኩ መካከል፣ ብጫ አበባ በብዛት ፈክቶ አየሁ። ቁመቱ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ቅጠሉ የተቆራረጠና የተሸበሸበ ነው፤ አበባውም በራሱ ላይ እንደ ጃንጥላ ተሰብስቦ ይታያል። ለእኛ ሰው በመጀመሪያ እይታ የሚመስለው አደይ አበባን ነው፤ እኔም ከሩቅ ባየሁት ጊዜ ልቤ ወደ መስከረም ሄደ። አደይ አበባና ይህ አበባ በሩቅ ዝምድና ይገናኛሉ እንጂ ዘራቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የእኛይቱ አበባ በሚቀጥለው ክስ የለችበትም።

የዚህ ተክል ስም በእንግሊዝኛ ራግዎርት ይባላል። የፒክቱ ባላገሮች ግን "ግማታሙ ዊሊ" ይሉታል። ቅጠሉን በጣት ቢያሹት በእርግጥ ክፉ ሽታ አለው። "ዊሊ" የተባለበትን ምክንያት ሲያወሩ እንዲህ ይላሉ፤ በ1746 በኩሎደን ጦርነት የስኮትላንድን ተራራማ ሰዎች ድል ያደረጋቸውና ከድሉም በኋላ ያለ ምሕረት የቀጣቸው የእንግሊዙ መስፍን ዊልያም ይባል ነበርና፣ የተሸነፉት ሰዎች በጦር ያልመለሱትን በስድብ ለመመለስ ሲሉ የሚሸተውን አረም በስሙ ጠሩት። እንዲህ ያለውን የስድብ ጥበብ የእኛም አገር ሰው አይጠላውም።

አረሙ ከስኮትላንድ ወደ ፒክቱ የተሻገረው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው ይባላል። አንዱ ሥር ብዙ ሺሕ ፍሬ ይሰጣል፤ ፍሬውም እንደ ጥጥ የለሰለሰ ጠጕር ስላለው ነፋስ ያነሣዋል። መሬት ውስጥም ተቀብሮ ዓመታት ከቆየ በኋላ ይበቅላል። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉን ብቻ ከመሬት ጋራ አጣብቆ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ዓመት አገዳ አውጥቶ ያብባል። በዚህም ምክንያት አረሙ ለባለ መስኩ የሚታየው ከሰፈረበት ከዓመት በኋላ ነው።

አረሙ ከተስፋፋ በኋላ በፒክቱና በጎረቤቷ በአንቲጎኒሽ አውራጃ የላሞች በሽታ ተነሣ። በሽታው እንዲህ ነበር። ደኅና የነበረች ላም ጠጕሯ ይቆማል፤ መብላት እየቀነሰች ትከሳለች፤ ወተቷም ይነጥፋል። ቀጥሎ ተቅማጥ ይይዛታል፤ እንደምትወልድም ሆና ሳታቋርጥ ታምጣለች፤ አንዳንድ ጊዜም ከማማጡ ብዛት የተነሣ አንጀቷ በስተኋላ ይወጣል። ሆዷ ውኃ ይቋጥራል። የዋህ የነበረችው፣ ልጆች ጅራቷን ይዘው የሚጫወቱባት ላም፣ በመጨረሻው ቀኗ ዓይኗ ተለውጦ ጌታዋን ልትወጋ ትነሣለች፤ ወይም ግድግዳ ላይ ግንባሯን ደግፋ ትቆማለች። ከዚያም ትወድቃለች፤ ከወደቀች በኋላ የዳነች የለችም። ሆዷን ከፍተው ሲያዩ ጉበቷ እንደ ቁርበት ጠንክሮ፣ መልኩ ተለውጦ ይገኛል።

አንዲት ላም በሞተች ጊዜ ጎረቤት ያዝናል። በአንድ በረት ሦስትና አራት ሲሞቱ ግን ኀዘኑ ወደ ፍርሃት ይለወጣል። የፒክቱ ሰዎችም ይህ ነገር ከላም ወደ ላም የሚሄድ ተላላፊ በሽታ ነው ብለው አመኑ፤ የመንግሥቱም የከብት ሐኪሞች እንደዚሁ አሰቡ። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የካናዳ መንግሥት የታመሙት ከብቶች እንዲገደሉ፣ ለባለቤቶቹም ካሣ እንዲከፈል አደረገ። ለብዙ ዓመታት ላሞች በዚህ ትእዛዝ ተገደሉ፤ ሥጋቸው ተቀበረ። በሽታው ግን አልቆመም። በሚቀጥለው ክረምት ጋጣው በታጠበበት፣ ከብቱም በተለወጠበት ቤት ተመልሶ ይገባ ነበር።

በዚህ ላይ የገዢዎቹን ሰዎች ሞኞች ብሎ መሳደብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። እኛ ከ1888 ጀምሮ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አገራችንን ባጠፋ ጊዜ በሬ ጠፍቶ ሰው በዶማ ሲቆፍር፣ ጎተራውም ባዶ ሲቀር፣ ያን ዘመን ክፉ ቀን ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን። ደስታ በእርግጥ ተላላፊ ነበር፤ ከዓለምም ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2011 ነው። እንዲህ ያለ በሽታ ባለበት ዓለም የሚኖር ሹም በአንድ አውራጃ ላሞች በተከታታይ ሲሞቱ ቢያይ አስቀድሞ ተላላፊ ነው ብሎ ቢጠረጥር ያስመሰግነዋል። የሚያስወቅሰው ጥርጣሬውን እንደ ማስረጃ ቆጥሮ ብዙ ዓመት መቀመጡ ነው። እኔ በችሎት ቃል ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን አውቀዋለሁ፤ ተከሳሹ አንድ ጊዜ ከታሰረ በኋላ ሌላ ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። በፒክቱ የታሰረችው ላሟ ነበረች። ከባላገሮቹ መካከል ብጫውን አረም የሚጠረጥሩ አልጠፉም ነበር፤ ነገር ግን የባላገር ቃል በመዝገብ ሳይገባ ይቀር ነበር።

በኋላ ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀው ሐኪም ዊልያም ኦስለር በ1880ዎቹ በሞንትሪያል ሲያስተምር ሳለ ስለዚሁ የፒክቱ በሽታ ጽፎ ነበር፤ ጉዳቱ በጉበት ላይ መሆኑም ታወቀ። ነገሩን እስከ መጨረሻው የፈረደው ግን ፔቲክ የተባለው የመንግሥት የከብት ሐኪም ነው። ይህ ሰው በአንቲጎኒሽ አጠገብ የመመርመሪያ ጋጣ አቆመ። ደኅና ላሞችን ከታመሙት ጋራ አንድ ላይ አኖራቸው፤ ሳይታመሙ ቀሩ። ሌሎችን ደኅና ላሞች ደግሞ ከታመሙት ለይቶ ብጫው አረም የገባበትን ድርቆሽ አበላቸው፤ እነዚያ ታመሙ፤ እንደ ሌሎቹም ሞቱ። በ1906 የምርመራው መግለጫ ታትሞ ወጣ። የሚገደለው ላሟ ሳትሆን አረሙ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ፍርዱ በሁለት የጋጣ ክፍል ውስጥ በታሰሩ ላሞች ምስክርነት መሰጠቱን ባነበብሁ ጊዜ፣ እንደዚህ ያለ ጥርት ያለ ምስክር በችሎት ስንት ጊዜ እንዳማረኝ አሰብሁ።

አረሙስ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ተሰውሮ ሊኖር ቻለ? ተንኰሉ ሁለት ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ነው፤ እርጥቡ አረም መራራ ስለ ሆነ ላም በመስክ ላይ ሌላ ሣር ካገኘች አትነካውም። ባለቤቷም ላሟ ብጫውን አበባ እየዘለለች ስትግጥ በዓይኑ ያያል፤ "እርሷ ትለየዋለች" ብሎ ይተማመናል። አረሙ ከሣሩ ጋራ ታጭዶ በደረቀ ጊዜ ግን ምሬቱ ይጠፋል፤ መርዙ አይጠፋም። ላሟም በክረምት በጋጣ ታስራ ሌላ ምርጫ ሳይኖራት፣ ባለቤቷ በገዛ እጁ ያቀረበላትን ትበላለች።

ሁለተኛው ተንኰሉ የጊዜው መራቅ ነው። መርዙ በልታው ወዲያው አይጥላትም። በጥቂት በጥቂቱ በጉበቷ ይከማቻል እንጂ፤ ምልክቱ ከሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ከወራት በኋላ ይታያል። በክረምት የበላችው በጸደይ፣ ሣሩ በለመለመበት ወራት ይገድላታል። የዚያን ጊዜ ድርቆሹ አልቋል፤ ማስረጃው ተበልቷል። ባለቤቷ የዛሬውን መስክ ይመረምራል፤ ጥፋተኛው ግን የታኅሣሡ ግርግም ነው።

የዛሬ ሊቃውንት የመርዙን ሥራ እስከ ሥሩ መርምረውታል። በአረሙ ውስጥ ያለው ነገር እንዳለ ቢቀር ጉዳቱ ብዙ አይደለም። ጉበት ግን ሥራው የገባውን ክፉ ነገር ለውጦ ማስወጣት ስለ ሆነ ይህንንም ሊለውጥ ይነሣል፤ በለወጠውም ጊዜ ያ ነገር ወደ ብርቱ መርዝ ይመለሳል፤ በዚያው በጉበቱ ሕዋሳት ላይም ይጣበቃል። የተመረዘው ሕዋስ እንደ ወትሮው ተከፍሎ ሌላ ሕዋስ መተካት አይችልም፤ እያበጠ ኖሮ ይሞታል፤ በስፍራውም ጠባሳ ይቀራል። በጉበት ውስጥ የሚያልፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ደሙ መተላለፊያ ሲያጣ ውኃው ወደ ሆድ ይንጠባጠባል። ጉበት ያላጠራው ቆሻሻ ከደሙ ጋራ ወደ አንጎል ይወጣል፤ የዋሂቱ ላም ጌታዋን ለመውጋት የምትነሣው በዚህ ነው። ደግሞም ከዚህ ደረጃ የደረሰውን ጉበት የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ፈረስም እንደ ላም ይጎዳል፤ በግና ፍየል ግን በጣም ይታገሡታል፤ በሆዳቸው ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን መርዙን ስለሚሰብሩት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ የበሽታው ስም ነው። በካናዳ የፒክቱ በሽታ ተባለ። በዚያው ዘመን ግድም በኒው ዚላንድ በዊንተን ከተማ አጠገብ ከብቶች ከዚሁ አረም የተነሣ ሲያልቁ የዊንተን በሽታ ተባለ። በደቡብ አፍሪካም የዚህ አረም ወገን የሆነ ሌላ ተክል ከብት በገደለ ጊዜ የሞልቴኖ በሽታ ተባለ። እያንዳንዱ አገር መቅሠፍቱ በእርሱ ብቻ የመጣ መሰለው፤ መሬቱንና ውኃውን ወቀሰ። በሦስቱም ስፍራ ጥፋተኛው አንድ የአረም ነገድ ነበር። በዚያው በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ክፍል ደግሞ የአረሙ ፍሬ ከስንዴ ጋራ ተፈጭቶ በዳቦ ስለ ተበላ ሰዎች ጉበታቸው ታሞ መሞታቸው በ1920 በሐኪሞች ተጽፏል።

ነገሩ ወደ ቤታችን የሚገባውም በዚሁ በር ነው። በትግራይ በሰሜን ምዕራብ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ጻዕዳ እምባ የሚባል መንደር አለ። ከ2001 ገደማ ጀምሮ የዚያ መንደር ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋና ውኃ እየቋጠረ፣ ሰውነታቸው እየከሳ፣ ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ይታመም ጀመር፤ ብዙዎችም ሞቱ። የአገራችንና የውጭ አገር ሐኪሞች ብዙ ዓመት መረመሩ። ውኃው ተጠረጠረ፤ ሌላም ሌላም ተጠረጠረ። በመጨረሻ ምርመራው ያመለከተው አጄራቱም የሚባለውን፣ ነጭና ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጥቃቅን አበባ የሚያወጣውን አረም ነው። አረሙ በእርሻው መካከል ይበቅላል፤ ፍሬው ከእህሉ ጋራ ታጭዶ ይወቃል፤ በእህሉም ውስጥ ከፒክቱ መርዝ ጋራ ወገን የሆነ መርዝ ተገኘ። እነዚያ ሰዎች ያለቁት በገዛ ጎተራቸው ነው።

የቤታችን እመቤቶች እንክርዳድን ከስንዴ ለቅመው የሚያወጡት ዳቦው ራስ የሚያዞር እንዳይሆን መሆኑን ሁላችን ከልጅነታችን እናውቃለን። እንክርዳድ ግን በልቶት ያዞረውን ሰው በዚያው ቀን ያስጠነቅቀዋል። ይህ ሌላው አረም አያስጠነቅቅም። ስለዚህ እህል የሚያስነፉ፣ የሚያስለቅሙም ሰዎች በወንፊቱ ሥር የሚወርደውን ጥቃቅን ጥቍር ፍሬ ለዶሮ ይበተን ከማለት አስቀድሞ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው። ከብት አርቢ ለሆኑትም መኳንንት እንዲሁ እላለሁ። በእኛ ደጋ ለአጥር የሚተከለው የሽኮኮ ጎመን እንኳ የዚያ የብጫው አበባ ዘመድ ነው፤ ለአጥር ያገለግላል፤ ከድርቆሽ ጋራ ግን መቀላቀል የለበትም። ድርቆሽ የሚገዛ ሰው ነዶውን ፈትቶ ቢያይ ሻጩ ቢቈጣ እንኳ ይሻላል።

በፒክቱ ዛሬ ያለው ልማድ እንዲህ ነው። አንዳንዱ ባለ መስክ አረሙ ወደ በዛበት ማሳ አስቀድሞ በጎችን ይለቃል፤ በጎቹ ለጋውን ቅጠል ከመሬት ጋራ እየላጩ ይበሉታል። እነርሱም ቢሆኑ ዓመት ከዓመት ያንን ብቻ ቢበሉ መጎዳታቸው አይቀርምና በልክ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ ከአውሮፓ ቀይና ጥቍር ክንፍ ያላት ቢራቢሮ አምጥተው ለቀቁ፤ ልጆቿ፣ ብጫና ጥቍር ቀለበት ያላቸው አባጨጓሬዎች፣ ይህን አረም እስከ አገዳው ይግጡታል፤ መርዙንም በሰውነታቸው አከማችተው ወፍ እንዳይበላቸው መከላከያ ያደርጉታል። ባደርሁበት ቤት ያለው ሽማግሌ ገበሬ ግን በቢራቢሮው ብዙ የሚተማመን አይመስለኝም። ጠዋት ጓንቱን አጥልቆ፣ መንሹን ይዞ ወደ መስኩ ዳር ወረደ፤ እኔም ተከተልሁት። አረሙን ከነሥሩ እየነቀለ በከረጢት ይከታል እንጂ አንዱን እንኳ በመስኩ ላይ አይጥልም። ስለ ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ የተነቀለው አረም በፀሐይ ሲጠወልግ ምሬቱ ስለሚጠፋ ቆሞ ሳለ ያልነካችውን ላም ወድቆ ሳለ ታነሣዋለች አለኝ። ከረጢቱ በሞላ ጊዜ አፉን አስሮ ከጋጣው በስተኋላ ወዳለው የማቃጠያ ጕድጓድ ወሰደው።